ድምፅን በሁለት ቤት ማኖር

ባለፈው ጥቅምት ደባርቅ መናኸሪያ የዳባት መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴን አቶ ሻረውን ከአንዲት ወጣት አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወጣቷ ሕሊና ትባላለች፤ በከተማችን በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ካሴት የሞላበት ሣጥን ታቅፋ ነበር።

«ልጄ፣ የማን ዘፈን ነው?» አሏት።

«ዘፈን አይደለም አባባ፤ የመሥሪያ ቤታችን መረጃ የተገለበጠበት ቴፕ ነው። አንዱ ቅጂ እዚሁ ይቀመጣል፤ ይህኛው ዳባት ይሄዳል። እዚህ እሳት ቢነሣ የዳባቱ ይተርፋል።»

አቶ ሻረው ፈገግ አሉ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የመምህራቸውን የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴን ዜማ የቀዱባቸው ካሴቶች እንዳሏቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል።

«የኔ ከአልጋዬ ሥር ወጥቶ አያውቅም፤ የመምህሬ ድምፅ በየሰው ቤት አይበተንም። ድሮ የከበረ ነገር ባለቤቱ ዘንድ ነበር የሚኖረው» አሉ።

«መበተንና ማስቀመጥ ለየቅል ናቸው አባባ። ገበሬስ ዘሩን ሁሉ ባንድ ጎተራ ይከታል? ነቀዝ የገባ እንደሆነ ምን ሊዘራ ነው?»

ሽማግሌው ሣጥኗን አየት አድርገው፣ «የሠርጌ ቀን የተቀዳ ካሴት ነበረኝ። ባለቤቴ አምሳል፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሚዜዎቹ ጋር ስትሥቅ ይሰማ ነበር። ጣራው አፍስሶ ካሴቱ ሻገተ። አሁን ሣቋን ላስታውስ እሞክራለሁ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም» አሉ።

ሕሊና ለመርታት አልቸኮለችም። «ያን ጊዜ አንድ ቅጂ ዘመድ ቤት ኖሮ ቢሆን?» አለች በለሆሳስ።

ዳባት ስንወርድ አቶ ሻረው፣ «እኅቴ ስጦታ እዚህ ናት። ቤቷ አያፈስም» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሕሊና የመሪጌታን ካሴቶች በሁለት ቅጂ ገለበጠችላቸው። ዋናዎቹ ከአልጋ ሥር ወጥተው እርጥበት የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ሆኑ። አንዱ ቅጂ ለዘወትር መስሚያ ቤት ቀረ፤ ሌላው ዳባት በእኅታቸው በስጦታ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። በየአንዳንዱ ላይ የዜማው ስም ተጻፈ። «ተከፍቶ ያልተሰማ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም» ስላለቻቸውም አቶ ሻረው በየበዓሉ ዳባት ወርደው ያዳምጡታል።

መውደድ ብቻውን ነገርን ከጥፋት አያድንም፤ ቦታና ጥንቃቄ ይሻል። ዛሬ የዳባት የዜማ ተማሪዎች በአቶ ሻረው ፈቃድ ስጦታ ቤት እየሄዱ፣ መሪጌታን ሳያዩ ከተቀዳው ድምፃቸው ይማራሉ። ስጦታም ወንድሟን ለዓመታት የምታየው ለቅሶ ቤት ብቻ እንደነበር አጫውታኛለች። አሁን ወንድምና እኅት ጎን ለጎን ተቀምጠው ዜማውን ያዳምጣሉ። ዜማው ካበቃም በኋላ አቶ ሻረው ቶሎ አይነሡም።