አሳዳጊ ይጠየቅ

«ኩማዬ፣ እንደምን ዋልክ? ይኼ ፀሐይ ዛሬስ ምን ነካው? ጥቅምት ነው ወይስ ሚያዝያ? እስቲ ወደ ጥላው ጠጋ በል፤ ራስህን ያምሃል። ጠመንጃው እንደሆነ ጥላ አይፈልግም፤ የምትፈልገው አንተ ነህ። ደሚቱስ ደህና ናት? ጥርሷ ተሻላት? ቅርንፉድ ትንከስበት በላት፤ ባልሽን ንከሽ አላልኩም፣ ቅርንፉድ ነው ያልኩት…»

እትዬ ወለተሰንበት ይህን እያሉ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ምሳ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ኩማ አልመለሰላቸውም። አብዮት ጠባቂ ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ የታሳሪ ጠያቂ ማነጋገር ክልክል ነው። እሳቸውም መልሱን አልፈለጉትም። የፈለጉት መስኮቱን ነበር። ከኩማ ትከሻ በላይ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የቀበሌው ሊቀመንበር በሁለት ጣቱ ታይፕ ሲመታ ይሰማል። የሊቀመንበሩን ስም እትዬ ወለተሰንበት ያን ቀን አንዴም አልጠሩትም፤ እሳቸው ያልጠሩትን እኔም አልጠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት እሑድ፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ የጌጃ ሰፈር ሰው ለውይይት ክበብ ተጠርቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ሂትለር አስተማረ። ሰውዬው በሕፃንነቱ ክርስትና ተነስቷል፣ ልጅ ሆኖ በገዳም ዘምሯል፤ እንግዲህ ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀውን አውሬ ያሳደገችው ቤተክርስቲያን ናት አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ፤ ላቡን ጠረገ፤ በመፈክር ሊዘጋ ግራ እጁን ሲያነሳ አፉ ከዳው። «ወስብሐት ለእግዚአብሔር!» አለ። የድሮ ዲያቆን ነዋ! ስብከት የሚዘጋበትን ነው ያመጣው። ከኋላ ወንበር የነበሩት የኔታ ገብረየሱስ፣ ራሱን ሊቀመንበሩን ፊደል ያስቆጠሩት መምህሩ፣ ተማሪ ሲደናቀፍ እንደለመዱት ወዲያው ተቀበሉት፦ «ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር!» አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ከዚያ ሳቅ ሆነ፤ መቼም እንደዚያ ያለ ሳቅ በዚያ አዳራሽ ተስቆ አያውቅም።

የኔታ ያደሩት እዚሁ ቀበሌ እስር ቤት ነው። ክሱ ፀረ አብዮት ነው ተባለ። ዛሬ በአሥር ሰዓት ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መኪና መጥታ ትወስዳቸዋለች፤ በዚያ ዘመን ወደ ከፍተኛው የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበሩ የሚመታው የማስረከቢያውን ደብዳቤ ነው።

«እኔማ ትናንት ከስብሰባው ስወጣ ደስ ብሎኝ፣ ደስ ብሎኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ጧፍ ስሠራ ኖሬ፣ ስለ ጀርመን አገር አንድ ነገር ያወቅሁት ትናንት ነው። እንዴት ያለ ንግግር ነው አንተ! የተናጋሪው አንደበት ይባረክ። መጨረሻዋማ አንጀቴን ነው ያራሰችው። ሌላው ሁሉ ከወረቀት ነበር፤ መጨረሻዋ ግን ከሆድ ወጣች…»

ታይፑ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

«የገባኝን ልንገርህ? ሰው ክፉ ሆኖ ሲገኝ አሳዳጊ ይጠየቅ ነው ነገሩ። እውነት ነው! እኔ መቼ እምቢ አልኩ? ብቻ አንዳንዱ ይከነክነኛል። ሰውዬው ወተትም ጠጥቶ ነው ያደገው፤ ላሚቱም ትታሰር? ደግሞ ያቺን ፂም እንደዚያ አድርጎ የቆረጠለት ፀጉር አስተካካይ እንዴት ሳይጠየቅ ቀረ? ጌታችንስ ራሱ አሥራ ሁለት አሳድጎ የለ? አንዱ ሸጠው። ታዲያ ለአንዱ ብለን አሥራ አንዱን እንሰር? ወይስ ጌታን ‹አሳዳጊው አንተ ነህ› ብለን ለከፍተኛው እናስረክበው? ይሁዳስ ቢሆን ጨዋ ነበረ እኮ። መምህሩን ሳይስም አላስያዘም። ዛሬ ለመሳሙም ጊዜ የለም… ስብሰባው ይበዛል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላል ሰው። እሱስ እሺ፤ አብዬና እምዬ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። የጀርመንን እከክ ጌጃ ሰፈር ድረስ ተሸክሞ መምጣት ግን ድካም ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኩማ!»

ኩማ ጉሮሮውን ጠረገና ምንሽሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

እትዬ ወለተሰንበት ምሳ ዕቃው እንዳይንኳኳ በሁለት እጃቸው አፍነው ይዘውታል። የኔታ ሃያ ሁለት ዓመት በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት የኖሩ፣ ሦስት ልጆቻቸውን ያስቆጠሩ፣ ባላቸው የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ አጠገባቸው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ወንድም ቢኖራቸው ከዚህ አይበልጥም። አንዲት ቃል ቢስቱ እሳቸውም ዛሬ ከውስጥ እንደሚያድሩ ያውቃሉ። ፈርተዋል፤ በጣም ፈርተዋል። ስለዚህ ድምፃቸውን ይበልጥ አጣፈጡት።

«እንዲያውም እኔም ከተጠያቂዎቹ ሳልሆን አልቀርም። ላውጋህ? በጃንሆይ ጊዜ ነው። አንድ የቆሎ ተማሪ በደጄ ይመጣ ነበር። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ‹በእንተ ስማ ለማርያም!› ሲል፣ አቤት ድምፅ! አቤት ድምፅ! ያቺ ውሻዬ ሌላውን ተማሪ ሁሉ ስትነክስ፣ እሱን ግን ቁጭ ብላ ታዳምጠው ነበር። ምን ታድርግ፣ ሰው ማወቅ ላይ ትንሽ ደካማ ነበረች…

ጎበዝ ነበረ። ዳዊቱን በስድስት ወር ጨረሰው። ድቁና ተቀብሎ ልደታ ሲቀድስ ሰዉ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ተሰጥኦ ነው ይኼ! የሄደበት ሁሉ ሰው ማስለቀስ አያቅተውም፣ ያ ልጅ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ትልቅ ቦታ ደርሷል ይላሉ። እሰይ! ከደጄ እንጀራ የበላ ሰው ትልቅ ቦታ ሲደርስ ማን ይጠላል?

አንድ ክረምት ላይ ፈንጣጣ ያዘው። የገዛ ጓደኞቹ ሸሹት፤ ፈንጣጣ አይደል? መምህሩ ናቸው በጀርባቸው አዝለው፣ በዝናብ፣ ጎርፉን ተሻግረው ሆስፒታል ያደረሱት። ሃያ ቀን ከአልጋው ሥር ተኙ። እሱ ድኖ ሲነሳ እሳቸውን ያዛቸውና አንድ ዓይናቸውን ይዞት ሄደ። ‹ምነው የኔታ፣ ለሰው ልጅ ብለው ዓይንዎን?› ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ግድ የለሽም ወለተሰንበት፣ እሱ ያይልኛል› አሉኝ። ይኸው አየላቸው! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ከኋላ ወንበር፣ ለይቶ አየ! ዓይኑ ይባረክ እቴ፣ እንዴት ያለ ዓይን ነው! ማለቴ… ያይላቸዋል ለማለት ነው። ካለበት ሆኖ።»

ታይፑ አሁን አንዲት ፊደል መትቶ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ደግሞ አንዲት ይመታል። እትዬ ወለተሰንበት ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ኩማ ጎንበስ አሉ፤ ድምፃቸውን ግን አልቀነሱም።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። ይጮሃል ነው የተባለው፤ ይነክሳል ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። አባቶቻችን ብልሆች ነበሩ፣ ሁሉን አስበዋል፤ ይቺን ግን ሳያስቧት ሞቱ። ባለጌ ያዩ እንደሆነ ‹አሳዳጊ የበደለው› ይላሉ። እሺ፣ አሳዳጊውን የበደለ ሲገኝስ ምን ይባላል? ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ ስም የለውም። ምናልባት ‹ጓድ› የሚባለው እሱ ይሆን እንዴ? እኔ እንግዲህ አዲሱን ቋንቋ ብዙም አልችልም፤ አንተ ትነግረኛለህ…»

ከውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ኩማ ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አየና መልሶ ጫማውን አየ። እትዬ ወለተሰንበት ይህን ካሉ በኋላ መመለስ እንደሌለ ገብቷቸዋል፤ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል።

«ተወው፤ ክፉ ወሬ ይቅር። ደስ የሚል ልንገርህ። ባለፈው ዓርብ አንዲት አራስ እናቷን በጓሮ በር ላከችና ጧፍ አዘዘችኝ። ጥሩ ሰም ይሁን፣ ማተቡም ነጭ ይሁን አለች። ወንድ ነው የተገላገለችው። አርባ ቀኑ የፊታችን ቅዳሜ ነው። እዚህ ልደታ ሰው ያያል ብለው ሰበታ ወስደው ነው ክርስትና የሚያስነሱት። የአባትየው ሥራ ትልቅ ነው፤ ማተብ ከሥራው ጋር አይስማማም መሰለኝ። እኔ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለካ ቤተክርስቲያን ሂትለርን ብቻ አይደለም የምታሳድግ! ለገዛ ልጅ ሲሆን ደህና ናት ማለት ነው። ወይስ ልጁን ሂትለር ሊያደርጉት አስበው ይሆን? ኧረ እኔስ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ እንዲህም አይባል! እንደ አባቱ ነው የሚሆነው።

ስማቸውን ለማንም አልናገርም። እኔ ወሬ አልወድም፣ አንተ ታውቀኛለህ። እዚችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የከፍተኛውን መኪና እጠብቃለሁ። እንግዶች አይደሉ? ሰላም እላቸዋለሁ። ‹ምን ሠርተሽ ትበያለሽ እናት?› ይሉኝ ይሆናል። ጧፍ እላቸዋለሁ። ‹ዛሬ ጧፍ ማን ይገዛል?› ይሉኝ ይሆናል… እንግዲህ መንግሥትን መዋሸት ነውር ነው፣ ኩማዬ።»

ታይፑ ዝም አለ። ወረቀት ተመዞ ወጣ፤ ሲቀደድ ተሰማ፤ ሁለተኛም ተቀደደ። ኩማ በስሙ ተጠርቶ ገባ። ሲወጣ ቁልፍ ይዞ ነበር፤ እትዬ ወለተሰንበትን ሳያይ አልፎ ወደ ጓሮ ሄደ።

የኔታ ገብረየሱስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ። ፀሐዩ አንዷን ዓይናቸውን አጭበረበራት። እትዬ ወለተሰንበት እንባቸው ዱብ ሊል ሲል ዋጡት፤ እዚህ ደጃፍ አላለቅስም አሉ በሆዳቸው። ተነስተው ክንዳቸውን ሰጧቸው። ምሳ ዕቃውን ለኩማ አቀበሉት፤ የኔታ ዛሬ የሚበሉት ከቤት ነው። እንግዲህ መሄድ ነበር። አሥር እርምጃ ቢራመዱ ከአጥሩ ማዶ ናቸው። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያነቃቸው ንዴት አልወጣላቸውም ነበርና ቆሙ። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ኩማ፣ ድምፃቸውን ወደ መስኮቱ አደረጉ።

«በል እንግዲህ፣ ሳንመርቅ አንሂድ። ያ የሚነሳው ሕፃን ምን በደለ? እግዚአብሔር ያሳድገው! እንደ አባቱ ድምፀ መልካም፣ እንደ አባቱ ቀለም የሚገባው፣ እንደ አባቱ የትልቅ ቦታ ሰው ያድርገው! አባትየውንም ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ ቢታመም ከአልጋው ሥር ተኝቶ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይሰስት ያሳድገው። ከዚያ አርጅቶ፣ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ… እሱ ላሳደጉት የሆነላቸውን ያህል፣ ልጁም ለእሱ ይሁንለት!»

ምርቃት መቼም ያለ ተቀባይ አይቀርም። ኩማ ግን አፉን አልከፈተም። የኔታም ዝም አሉ። ከመስኮቱ ውስጥ፣ የኔታ ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት ያላስለመዱት፣ ልደታን ያስለቅስ የነበረው ያ ያማረ ድምፅ ሳያስበው አመለጠ፦

«አሜን።»