ሳይነበብ የተፈረመ

(የምክር ቤት አባላት ለዕረፍት ወደየመራጮቻቸው በተመለሱበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ የቀበሌ ቢሮ ውስጥ የቦኖ ውኃ ሻጯና የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ይርገዱ፣ ከምክር ቤት አባሉ ከሽባባው ፊት ተቀምጣለች።)

ይርገዱ፦ አልነሣም አልኩህ! ወንበሩን ከሥሬ ብትጎትተው መሬት ላይ እቀመጣለሁ።

ሽባባው፦ እትዬ ይርገዱ፣ ውጭ ሃያ ሰው እየጠበቀኝ ነው።

ይርገዱ፦ ይጠብቅ። እኔ ቦኖው ላይ ስንቱን አሰልፌ አውቃለሁ፤ በሰልፍ የሞተ የለም። ይኸን ወረቀት ይዘህ ትሄዳለህ። ሊወድቅ የነበረው ባንክ በሕዝብ ገንዘብ ስለዳነበት፣ አስተማሪም ስለተቀነሰበት ነገር ምክር ቤቱ ተቀምጦ ይነጋገር ትላለህ። በቃ።

ሽባባው፦ እንዲህ በቀላሉ መች ይሆናል? አጀንዳ ለማስያዝ የሌሎች አባላት ፊርማ ያስፈልጋል።

ይርገዱ፦ ለሌሎቹስ መጀመሪያ የሚፈርም አንድ ሰው አያስፈልጋቸውም፣ የተከበሩ?

ሽባባው፦ "የተከበሩ" አትበዪኝ፤ ከአንቺ አፍ ስድብ ይመስላል። ደግሞ ባንክና አስተማሪን ምን አገናኛቸው? ቅነሳው የመጣው ከክልል ነው።

ይርገዱ፦ ክልሉስ ከየት ነው የሚጠጣው? እኔን ስለ ውኃ አታስተምረኝ። ቧንቧው ከላይ ከተጠለፈ እኔ ጋ ጠብ አይልም።

ሽባባው፦ ባንኩ ቢወድቅ የውኃ ማኅበራችሁ ገንዘብም አብሮ ይወድቅ ነበር።

ይርገዱ፦ መች አይዳን አልኩ? ይዳን። ግን ማን እንዳበደረ፣ ለማን እንዳበደረ፣ ስለምን የእኛ አስተማሪዎች እንደሚከፍሉለት በአደባባይ ይነገር። ወሩ ሲያልቅ ሦስት አስተማሪዎች ይሄዳሉ። የልጄ ክፍል ዘጠና ሁለት ልጅ ሊሆን ነው። ግድግዳው ያስተምራቸው?

ሽባባው፦ ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ።

ይርገዱ፦ ዝም አይነቅዝም፤ ልጆቹ ናቸው የሚነቅዙት።

ሽባባው፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። በቅነሳው የተስማማው የወላጅ ኮሚቴው ነው። የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ይኸው ፋይሉ ውስጥ አለ። ይኼ የማን ስም ነው? ጎላ ጎላ ብሎ የተጻፈው?

ይርገዱ፦ የእኔ ነው።

ሽባባው፦ ታዲያ ራስሽ ፈርመሽ እኔን ታስጨንቂኛለሽ?

ይርገዱ፦ እሱን ልነግርህም ነው የመጣሁት። ድሮ በጣቴ ነበር የምፈርመው። በጣቱ ለሚፈርም ሰው ወረቀቱ ይነበብለታል፤ ወጉ ነው። በኋላ መምህር ልሳነወርቅ በጎልማሶች ትምህርት ስሜን መጻፍ አስተማረኝ። ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤውን ቦኖው ድረስ ይዞልኝ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየኝ "አንብብልኝ" ማለት አፈርኩ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩና አሳምሬ ጻፍኩት። አንዷማ አጨበጨበችልኝ።

ሽባባው፦ ምን እንደሚል ሳታውቂ?

ይርገዱ፦ ስሜን ጻፍኩ እንጂ ገጽ ሙሉ ማንበብ መች ደረስኩ? ስለ ሽንት ቤቱ ጣሪያ መስሎኝ። ከሦስቱ አንደኛው ማን ነው በለኝ።

ሽባባው፦ መምህር ልሳነወርቅ እንዳትዪኝ!

ይርገዱ፦ ባስተማረኝ ፊደል አባረርኩት።

ሽባባው፦ እኔንም እኮ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። በልምጩ ስንቴ ገርፎኛል! አውቋል?

ይርገዱ፦ የት አውቆ! ትናንት ጀሪካኑን ይዞ መጣ። "እንዴት ነሽ፣ የኔ ጎበዝ" አለኝ። ሂሳቡን አልቀበልም ስለው "ምን አስቀየምኩሽ?" አይለኝ መሰለህ? እሱ እኔን! ውኃው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ አላየሁትም።

ሽባባው፦ አይዞሽ፣ ሳታውቂ ነው።

ይርገዱ፦ አታባብለኝ። አለማወቅማ ባላሳፈረኝ፤ ያስፈረመኝ ኩራት ነው። አንተስ? ባንኩ የዳነ ዕለት በቴሌቪዥን አይቼሃለሁ፣ በግራጫ ኮትህ። እጅህን አውጥተሃል።

ሽባባው፦ ሁሉም አወጣ።

ይርገዱ፦ ስለ ሁሉም አልጠየቅኩህም። አንብበኸው ነበር?

ሽባባው፦ መቶ አርባ ገጽ ነበር፣ እትዬ። ጠዋት ሰጡን፤ ከምሳ በፊት ድምፅ ሰጠን።

ይርገዱ፦ "ይቆይልኝ፣ አልገባኝም" ማለት አቃተህ?

ሽባባው፦ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ...

ይርገዱ፦ አፈርክ።

ሽባባው፦ አፈርኩ።

ይርገዱ፦ ለካ የአንድ አስተማሪ ተማሪዎች ነን።

ሽባባው፦ በይ ወረቀቱን አምጪው። ልፈርምልሽና ይብቃን።

ይርገዱ፦ እጅህን ሰብስብ! አሁንም ሳታነብ? ጮክ ብለህ አንብበው።

ሽባባው፦ "እኔ ይርገዱ ሳላስነብብ ፈርሜ ሦስት አስተማሪ እንዲቀነስ አድርጌያለሁ። ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በልጆቹና በመምህር ልሳነወርቅ ፊት ይኸንኑ እናገራለሁ። ከዚህ በታች የሚፈርመው ተመራጫችንም ባንኩ ሲድን ሳያነብ እጁን አውጥቷል። ስለዚህ ምክር ቤቱ ሁለቱንም ነገር አንሥቶ በግልጽ ይወያይ..." እትዬ! ይኼን ማን ጻፈልሽ?

ይርገዱ፦ ልጄ። ከዘጠና ሁለቱ አንዷ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ያንተንማ ገምቼ ነው ያስጻፍኩት፤ አሁን ራስህ አመንክልኝ።

ሽባባው፦ ይኸን ከፈረምኩ በሚቀጥለው ምርጫ ማንም አያቀርበኝም።

ይርገዱ፦ እኔም ከሰኞ ወዲያ ቦኖው ላይ በምን ዓይኔ እንደምቀመጥ አላውቅም። ግን እቀመጣለሁ።

ሽባባው፦ አንዷን መስመር ብቻ ብናወጣትስ? "እጁን አውጥቷል" የምትለዋን?

ይርገዱ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ! አውጣት። የእኔም ስም አብሮ ይወጣል፤ ወረቀቱ ያንተ ብቻ ይሆናል። ያንተ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚተኛ አገር ያውቀዋል።

ሽባባው፦ እንዲህ ነሽ ለካ።

ይርገዱ፦ በል ወስን፤ ውጭ ሃያ ሰው እየጠበቀህ ነው።

ሽባባው፦ ይጠብቅ። የምፈርመው ከስምሽ ሥር ነው ወይስ ከጎኑ?