የመጀመሪያው ኮንትሮለር የእንግዳ ነው

እትዬ የኔነሽ፣ እንደምን አደሩ? ከሌሊት ሺፍት ወጥተው፣ ሳይተኙ፣ ከዴ ሞይን ሰፈርዎ እስከ ስካይዌይ ቤታችን ድረስ ለእኛ ብለው መምጣትዎ... አላህ ይስጥልኝ። እማዬም ከእርስዎ ሌላ የምታስቸግረው ሰው የላትም። ዝናቡ ደግሞ ዛሬ ቀለል ብሏል። መኪናዎን አሳጠቡት እንዴ? ሽታው ደስ ይላል።

እኔ? ደህና ነኝ። ኧረ አልጠበበኝም! እንግዳችን ወንበሩን ወደ ኋላ ስላስተኛው ነው እግሬን ያጠፍኩት። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው እግሩን መዘርጋት አለበት። ዳውንታውን ሃያ ደቂቃ ነው፣ ግን ትራፊክ አይታወቅም... የወንበሩ ጀርባም ጉልበቴ ላይ ብቻ ነው የመጣው። ጉልበቴን ደግሞ ብዙ አልጠቀምበትም።

ቀስ ብዬ የማወራው ልማዴ ሆኖ ነው። እሱ እንኳን አይሰማንም፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ አድርጓል። ቢሰማስ? መጥፎ ነገር አናወራም። እንግዳ ይመሰገናል እንጂ ይታማል?

የዛሬው ውድድር ጌም? «ሰባት በር» ይባላል። የጃፓን ነው። በፈረንጆቹ 2005 የመጀመሪያው ሲወጣ እኔ ገና ቡታጅራ ነበርኩ፤ አሁን አምስተኛው ላይ ደርሷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓኖች ብዙ ካርቱን፣ ብዙ የሥዕል መጽሐፍ፣ ብዙ የጭራቅ ፊልም አላቸው፤ ባለቤቶቹ ግን የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው። ይሄ ጌም ሁሉንም ለምኖ ጀግኖቻቸውን አንድ ሆቴል ውስጥ ይሰበስባል። ከአንዱ ካርቱን ሮቦት የምትነዳ ሴት ትመጣለች፣ ከአንዱ መጽሐፍ ዓሣ የሚሸጥ ሳሙራይ፣ ከድሮ ፊልም ደግሞ ባቡር የሚውጥ ቀንድ አውጣ። ቀንድ አውጣው በበሩ ስለማይገባ ግቢ ውስጥ ያድራል፤ አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። የሁሉም ታሪክ ሌላ ሌላ ነው፣ ግን አብረው ይኖራሉ። ሲደባደቡ እንኳን በተራ ነው። እዚያ ተራ የሚባል ነገር አለ።

ጌሙን በእጅ የሚያዙበት ኮንትሮለር እኛ ቤት ሁለት ነው ያለው። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው ማር ፈሶበት የመዝለያው ቁልፍ ተጣብቋል። እንግዳ ሲመጣ ደህናውን ማን ይይዛል? ይሄ ይጠየቃል እንዴ? እማዬ «ሩሚ፣ ስጪው፣ እንግዳ ነው» አለችኝ፣ ሰጠሁት። ዲቪ ደርሶት የመጣ ዘመድ፣ ቤት እስኪያገኝ ለሁለት ሳምንት ነበር የሚያርፈው። የትኞቹ ሁለት ሳምንት እንደሆኑ ማንም አልጠየቀውም፣ ነውር ነዋ! ከእኛ ጋር አንድ ረመዳን ጾሟል፣ አሁን ሁለተኛው እየመጣ ነው... ምናልባት እዚህ አገር ሳምንቱ ይረዝም ይሆናል።

ክፍሌን ወዶታል። ትንሽ ጠበበኝ ብሎ ግን ያዝናል። ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቼ ሲያዝን እሰማዋለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው።

እርስዎስ ያን ኤርፖርት ያገኙለትን ሥራ ያስታውሳሉ? የአውሮፕላኑ ድምፅ ራሱን አመመው አይደል? ኤርፖርት አውሮፕላን እንዳለ ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ግን ጠንካራ ነው እኮ፣ እስከ ምሳ ችሎታል።

ሶ፣ እኔ ሁለተኛውን ይዤ ሳልዘል መጫወት ለመድኩ። ሌላው በላይ ሲዘል እኔ በታች ዞሬ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር ዋይት ሴንተር ሰፈር የዛሬው ውድድር ማጣሪያ ሲደረግ ደህና ኮንትሮለር ሰጡኝ። ለካ መዝለልም አለ! በዓል ነው የሆነብኝ። እንዴት እንዳሸነፍኩ እኔም አላውቅም። አንዱን ስጥል ሌላ ያመጣሉ፣ እሱን ስጥል ሌላ... እስከ ማታ ቆየሁ። እንግዳችን ግን እንደ እኔ አልተንዛዛም። በመጀመሪያው ዙር ቶሎ ጨርሶ ወጣ። ወንበሩ ሳይሞቅ!

ከዚያ ስሜ ተጠራ። ሰው ፊት መቆም እንደማልችል እርስዎ ያውቃሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየዞረ ሲፈልገኝ ወንበሩ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። ያኔ ማን ደረሰልኝ? ብድግ ብሎ፣ መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ የዛሬውን የመግቢያ ካርድ ተቀብሎልኝ... ሲያጨበጭቡ እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበ። እኔን ወክሎ ነው። ካርዱ ላይ «ተወዳዳሪ» ነው እንጂ ሌላ ስም አልተጻፈበትም። አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ ማውለቁን ረሳው። ብዙ ሐሳብ ያለበት ሰው ይረሳል።

እቤት ስንደርስ እማዬ «አንቺ ሰው ፊት ትንቀጠቀጫለሽ፣ እሱ ይሂድበት፣ እንግዳ ነው» አለች። እሱ እኮ እምቢ ብሏል! ወላሂ፣ እምቢ ብሏል። «ኧረ አይሆንም» አለ፣ የካርዱን ገመድ ከሸሚዙ ቀለም ጋር እያስተያየ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪለመን ይግደረደራል፤ እሱ ግን እማዬን ማድከም አልፈለገም።

እኔማ ምን እፈልጋለሁ... ዛሬ ያሸነፈ ስድስተኛውን፣ ገና ያልወጣውን፣ ከሠሪዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወታል አሉ። ያ ለእኔ ይበዛል። አንድ ዙር ብቻ፣ በደህና ኮንትሮለር፣ በራሴ ካርድ... ይተዉት። ደግሞ የተንቀጠቀጥኩት ቁሚ ሲሉኝ ነው። ቁጭ ስል እጄ አይንቀጠቀጥም። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም። እንግዳ እየሰማ እንዴት ይነገራል? እንግዳ የማይሰማበት ሰዓት ደግሞ እኛ ቤት የለም።

ሙዚቃውን ቀነሰው መሰለኝ። ባትሪው እያለቀ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎትና ዝም እላለሁ። ጌሙ ውስጥ «እንግዳ ጀግና» የሚባል አለ። ከሌላ ኩባንያ ለአንድ ምዕራፍ ብቻ የሚመጣ ነው። ሲመጣ ጥሩውን ሰይፍ ይሰጡታል፣ ጥሩውን ልብስ ያለብሱታል፣ ሾርባው መጀመሪያ ለእሱ ይቀርባል። ታዲያ ምዕራፉ ሲያልቅ ማንም ምንም ሳይለው ይነሣል። ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል። ይሄዳል። ሰይፉን አይመልስም፣ ይዞት ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ላይ በዚህ በጣም እናደድ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም አልቅሻለሁ። አሁን ሳስበው ግን ሰይፍ ምን አላት? ሰውዬው ይሄዳል እኮ! በራሱ እግር! እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው? ጃፓኖች ይሄን ከየት አመጡት ብዬ እስካሁን ይገርመኛል።

አይ፣ እትዬ የኔነሽ፣ አይሳቁ፣ መንገዱን ይዩ። ሬኒየር ጎዳና ላይ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሻገረው።

እንግዳችን ምን አለዎት? ... እህ። «መከላከያው የትኛው ቁልፍ ነው?» ነው ያለው? የግራው፣ ላይኛው ነው ይበሉት። መምቻው ደግሞ የቀኙ። አይ፣ ምንም አይደል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ውድድሩ ሳይጀመር መጠየቁ ያስመሰግነዋል፤ ስንቱ ተሸንፎ ነው የሚጠይቀው? አንድ ዓመት ሙሉ ደህናውን ኮንትሮለር የያዘ እጅ ቁልፎቹን ማየት አያስፈልገውም ብዬ ነበር እኔ። ለካ ትሕትናው ነው።

አሁን ደግሞ ምን አለ? ከኋላው ቆሜ በጆሮው እንድነግረው? ኦኬ... ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን የሚያስገቡት ባለካርዱን ብቻ ነው አሉ። ካርድ የሌለው ውጭ ይቆማል። እኔ ከእርስዎ ጋር መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። እርስዎም ትንሽ ጋደም ይላሉ፤ የፊቱ ወንበር ለመተኛት ተመቻችቶ ተሠርቷል።

ደረስን መሰለኝ። እዚያ ጥግ ፓርክ ያድርጉ፣ ቀዩ መስመር ጋ አይቁሙ። ያዩታል ሰልፉን? ሁሉም ልጆች ናቸው። አንዷ የሮቦት ነጂዋን ልብስ ለብሳለች... ታምራለች። እንግዳችን ሲሰለፍ ከሁሉም በቁመት ይበልጣል፣ ከሩቅ እንኳን ይለያል። እንኳን ያለ ጺም አልመጣ፣ ይጠፋብን ነበር።

ቆይ... ካርዱን አወለቀው እንዴ?

አይ። ገመዱ የወንበሩ ቀበቶ ውስጥ ገብቶበት ነው። ይኸው፣ አስተካከለው። ጥሩ ነው፣ እንዳያንቀው ሰግቼ ነበር።

ሳይወርድ ግን ልመርቀው። ውድድር የሚገባ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም። እጅዎን ይዘርጉልኝ፣ እትዬ የኔነሽ፣ አብረን እንበለው።

አላህ በሄደበት ሁሉ የሰው ቤት አያሳጣው። ቁልፍ መያዝ፣ በር መክፈት፣ ለሌላ ሰው «ግባ፣ ተቀመጥ» ማለት... ይሄ ሁሉ ድካም ነው፣ አንድም ቀን አይድረስበት። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ፀጉሩ ይሸብት፣ አግብቶ ይውለድ። ልጆቹም አድገው በራቸውን ሲያንኳኳ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ማን ልበል?» ብለው፣ እንደ እንግዳ በክብር ይቀበሉት።

አሜን ይበሉ እንጂ።