ለታማሚው ያገነፋሁት ገንፎ

እንዳሻው፣ የትናንቱ በረዶ መኪናህን አልቀጠቀጣትም? የእኔዋማ ፈንጣጣ የወጣባት መስላለች። ኤርፖርቱም ዛሬ ቀዝቅዟል፤ ተሳፋሪ እስኪጠራን እናውራ እንጂ። መስኮትህን ክፈተው… ጎናችን ፓርክ ያደረገውም ሰው ጨዋታ አይቅርበት።

እኔ መሃይሙ ሐዘን መማር ያለብኝ ከአንድ ከማውቀው ሰው ነው። ፍቅረኛው ፀነሰች፣ ተመካከሩ፣ ተስማሙ፣ ጽንሱ ተቋረጠ። አልጋ ላይ የወደቀው ማን ይመስልሃል? እሱ! እንዲህ ያለ አዛኝ ወንድ የት ይገኛል? እሷማ… በማግስቱ ሎውሪ ሰፈር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ሰው አንስታ ልታስተኛ ሥራ ገባች። እንባው ደግሞ! የቼሪ ክሪክን ግድብ ሊጥሰው ምንም አልቀረው። ግልጽነቱስ? እሷ ለእናቷ እንኳን ያልተነፈሰችውን፣ እሱ “ምስጢር ነው” እያለ ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ነግሮ አስለቀሰን።

ታዲያ ታማሚ አይጠየቅም? ይኸውልህ የእኔ ብልጠት… አራስ በገንፎ እንደሚጠየቅ አውቃለሁና ገንፎ አገነፋሁለት! ማማሰያ ሰበርኩ፤ የጭስ ደወሉ ጮሆ የሰፈሬ የኦሪጅናል ኦሮራ ግማሹ ሰው ደረጃ ወረደ። ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛለች። ምን አልኳት መሰለህ? “አይዞሽ እህቴ፣ ይሻለዋል!” ከእኔ የባሰ ጅል ኮሎራዶ አይታ ታውቃለች? ከዚያ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ታማሚው… ጥርግ አደረግነው። ቅቤው ግን ጥሩ ነበር። እሷ ቆማ ውኃ ቀዳችልን፣ ሳህኑንም አጠበች። ቅመሺ ያላት የለም።

አሁን እህቷ ጋ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ገብታለች። እሑድ የቀረ ልብሷን ልትወስድ ትመጣለች አሉ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? “በዚህ ሁኔታዬ ጥላኝ ሄደች!” እውነቱን እኮ ነው። ውስጡን እንደሚበላውም አይቻለሁ፤ የሕፃን ጫማ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ሂድና “አንቺስ እንዴት ነሽ?” በላት እንዳልለው… ከዚህ ግሪን ቫሊ ራንች አንድ ዘፈን አያስጨርስም፤ ለታመመ ሰው ግን ሩቅ ነው፣ አይደል?

ብቻ አንድዬ እሱን ይማረው። ዳግመኛ ሲታመምም እንደ እሷ ያለች፣ ራሷ ታማ የምታስታምመው አያሳጣው። አሜን በል እንጂ፤ አንተም ጎናችን ያለኸው!