የወይዘሮ በለጠች ሙግት በሊማሊሞ አፋፍ

በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስወርድ፣ የተሳፈርኩበትን አውቶቡስ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ጉም ያዘው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «ጉሙ ካልተነሳ አንዲት ጎማ አላንከባልልም» አለ። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርምና ሁላችንም ወረድን። መንገዱ ጥቂት ክንድ ያህል ይታይና ከዚያ ወዲያ ምድር ያለቀች ትመስላለች። ሰው ከጉሙ ብቅ ይላል፣ መልሶ ይጠፋል፤ ድምፅ ግን የሩቁም እንደ ቅርብ ይሰማል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የዚያን ገደል ከፍታ ለተማሪ ስናገር ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን በሕልም ያለሁ እንጂ በማውቀው አገር የቆምኩ አልመሰለኝም።

አጠገቤ ባልና ሚስት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ባልየው አቶ ላቀው ናቸው፤ ቡይት ራስ በሚባለው መንደር የሚኖሩ ገበሬ፣ በጨዋነታቸው የታወቁ። ሚስታቸው ወይዘሮ በለጠች በጋቢ ተሸፋፍነው ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ዓይናቸውም እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኗል።

«ምነው፣ አሟቸው?» አልኩ።

«የወፍ በሽታ ነው መምህር። ዛሪማ ቅጠል የሚያውቅ ሰው አለ ብለውኝ ወደሱ ልወስዳት ነው» አሉ አቶ ላቀው።

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ አንድ ባጃጅ እያጓራ ከጉሙ ወጣ። ከውስጡ ዘላ የወረደችው ሃና ናት፤ የአቶ ላቀው የእህት ልጅ፣ ጎንደር ተምራ ደባርቅ ጤና ጣቢያ በነርስነት የምትሠራ።

«አጎቴ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ወደ ዛሪማ አይውረዱ! የአዲስ አበባው ቀጠሮ ሊያልፍ ነው!»

አቶ ላቀው ተነስተው ሃናንም እኔንም ከሚስታቸው ራቅ አደረጉን፤ ወይዘሮ በለጠችን ጉሙ ሸፈናቸው። «ቀስ በይ፤ እሷ አታውቅም» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ መንገደኛ ዳኛ ነው። መምህር፣ እርስዎ ዳኙን።»

ሁለት ተሟጋች አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ ዳኛ ማድረግ የአባቶቻችን ወግ ነው፤ የተጠራም እምቢ አይልም። እኔማ ዳኝነት ከምሳ ይልቅ ደስ ስለሚለኝ ጋቢዬን አጣፍቼ ቆምኩ።

«የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም» ብለው ጀመሩ አቶ ላቀው። «ወሬ ሰምቼ አይደለም። ወንድሜ አሻግሬ ዓይኑ እንዲህ ሆኖ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ መርፌ በተወጋ በሳምንቱ ቀበርነው። አሁን ደግሞ ይቺ ልጅ ሆዷን ይቅደዱት ትለኛለች። ሰው በግ ነው?»

«ነፍሳቸውን ይማርና» አለች ሃና፣ «አጎት አሻግሬ ሐኪም ቤት የደረሱት ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ሲጠጡ ከርመው አይደለም? መርፌው መጨረሻ ላይ ስለመጣ ጥፋቱ በሱ ተመካኘ። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ገዳይ ይባላል እንዴ?»

«እሺ፣ ቢጫነቱስ?»

«ቢጫነቱ ምልክት ነው። እርስዎ የገብስ ማሳዎ ላይ ውሃ ሲተኛ ምን ያደርጋሉ?»

«ቦዩን አያለሁ።»

«ቦዩን ድንጋይ ዘግቶት ቢያገኙት?»

«አነሳዋለሁ እንጂ! ይሄ ምን ያስጠይቃል?»

«የእትዬም እንደዚያው ነው። ከጨጓራ ጀርባ ባለው በቆሽት ራስ ላይ እብጠት ወጥቶ የሐሞቱን መውረጃ ዘግቶታል። ሐሞቱ መሄጃ ቢያጣ ወደ ደም ተመለሰ። ቅጠሉ ድንጋዩን አያነሳም፤ የደከመውን ጉበት ግን ሊጎዳው ይችላል።»

አቶ ላቀው ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰብሯል። «እብጠት እያልሽ አታባብዪኝ። ካንሰር ነው ብለውኛል። ካንሰር ደግሞ መድኃኒት የለውም።»

«የቆሽት ካንሰር አብዛኛው ክፉ ነው፤ አልዋሽዎትም። የሳቸው ግን ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ዓይነት ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ወደ ጉበትም አልዘለለም። መጀመሪያ የሐሞቱን መንገድ ይከፍቱላቸዋል። ከዚያ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥር እየሰጡ እብጠቱን ያሳንሱታል፤ ሲያንስ በቀዶ ጥገና ያወጡታል። ኬሞው ያስመልሳል፣ ጉልበት ይነሳል፣ ፀጉርም ሊያረግፍ ይችላል፤ ፀጉር ግን ይበቅላል። ቀዶ ጥገናውም ከባድ ነው። ይድናሉ ብሎ የማለልኝ ሐኪም የለም፤ ዕድል አላቸው ግን ብለውኛል። ከተሰራጨ በኋላ ያ ዕድል አይገኝም።»

«ጠበሉስ?»

«ጠበሉንም ይጠጡ። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ስለጻፈ ሐኪም መሆኑ ቀረ?»

እኔ ለሃና ልፈርድ አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ የወይዘሮ በለጠች ሳል ተሰማ፤ እኔም በራሴ አፈርኩ። ባለ ርስቷን ወዲያ አስቀምጠን ርስቷን የምንካፈል ሰዎች መስለን ታየን።

«ባለ ጉዳይ ሳይሰማ ፍርድ የለም» አልኩ።

«መምህር፣ በማርያም!» አሉ አቶ ላቀው። «ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ስሙን ከሰማች ከተቀመጠችበት አትነሳም።»

ይህ የአገራችን ሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ከመውደድ የተነሳ በሽታውን ከበሽተኛው እንደብቃለን። ጉሙ ግን ሰውን እንጂ ድምፅን አልሸሸገልንም።

«ላቀው፣ ና ወዲህ» አሉ ወይዘሮ በለጠች። ሦስታችንም ሄድን። «ጎንደር ላይ ሐኪሙ አንተን ለብቻህ ሲጠራህ ነው ያወቅሁት። ለወፍ በሽታ ተደብቆ የሚያለቅስ ባል የለም። እኔን የጨነቀኝ ሞቱ አልነበረም፤ ሁላችሁም የምታውቁትን እኔ ብቻ አላወቅሁም ብዬ ማስመሰሉ ነው።» ወደ ሃና ዞሩ። «ልጄ፣ ሲቀድዱኝ እተኛለሁ?»

«ይተኛሉ እትዬ፤ ምንም አይሰማዎትም።»

«አንቺስ አጠገቤ ትኖሪያለሽ?»

«እስከ በሩ አብሬዎ እሄዳለሁ። ሲወጡም እዚያው ያገኙኛል።»

«እንግዲያው መልሱኝ። ብድንም አውቄ ልዳን፣ ብሞትም አውቄ ልሙት።»

አቶ ላቀው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። «እኔ እኮ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

«አንተ ለሁለታችን ፈርተህ ልትጨርሰው?» አሉ ሴትዮዋ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው ሳቁ።

«ተረትቻለሁ መምህር» አሉ አቶ ላቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ። ሚስታቸውን ደግፈው ወደ ባጃጁ አስገቡ። ባጃጁ ወደ ደባርቅ ዞሮ ሲሄድ ጉሙ ወዲያው ዋጠው፤ ድምፁን ብቻ ለረጅም ጊዜ ሰማሁት።

በ2009 ጥር ዳባት ገበያ ውስጥ አቶ ላቀውን አገኘኋቸው። እንደ ደንባችን ሰላምታው ብዙ ቆየ። እሳቸው አሁን በአካባቢያቸው ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲያዩ «መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ» እያሉ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። አንዱ ጎረቤታቸው የሐሞት ጠጠር ተገኝቶበት ወጥቶለታል፤ ሌላው የጉበት ሕመሙ በጊዜ ታውቆ በመድኃኒት ተሽሎታል። ቀድሞ ቢሆን ሁለቱም ቅጠል ሲጠጡ ጊዜው ያልፍባቸው ነበር። መማር ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ ፈርቶ ከመደበቅ ጠይቆ ማወቅ፣ የታመመውንም ሰው በገዛ ገላው ጉዳይ ማማከር።

«ወይዘሮ በለጠችስ እንዴት ናቸው?» አልኩ፤ ልቤ እየፈራ።

አቶ ላቀው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። በእጃቸው ወደ ነጭ ሽንኩርት ተራ አመለከቱኝ። «ያችውልዎ። ራሷን ይጠይቋት።»

ሄድኩ። ከስተዋል፤ ከሻሻቸው ሥር አዲስ የበቀለ አጭር ፀጉር ይታያል። ዓይናቸው ነጭ ነው። ከአንዲት ገዢ ጋር በዋጋ ሲሟገቱ ደርሼ ጥያቄዬን ደገምኩላቸው።

«ዛሬ ደህና ነኝ መምህር» አሉ። «ሐኪሞቹ እየተመላለስሽ ታዪ ብለውኛል፤ የነገን እሱ ያውቃል። ቆሽቴን አሳጠሩት፤ ምላሴን ግን አስረዘሙት።» ይህን ብለው ወደ ገዢዋ ዞሩና ሙግታቸውን ቀጠሉ።