በብብት የሞቀ ፎቶ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ደጊቱ ያለው
ዕድሜ፦ በመታወቂያ 54፤ ምስክሯ እንደሚሉት 51
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ገበዝ ማርያም ዙሪያ፣ ጽድ ሜዳ ጎጥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ምክትል ሳጅን ቴዎፍሎስ አንዳርጌ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። በሰው ላይ ጉዳት በማድረስና ካሜራ በመስበር የተጠረጠረው አቶ አብተው ባምላኩ ባለቤቴ ነው። ከተጋባን ሠላሳ አራት ዓመታችን ነው። የግል ተበዳይ የሆነውን ይታገሱ ገነነ የተባለውን የቡሬ ልጅ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ አይቼውም ሰምቼውም አላውቅም። ተጠርጣሪው ባለቤቴ በመሆኑ አዳልቼ እናገር እንደሆነ መርማሪው ጠይቆኝ፣ በሁለቱም ላይ እኩል ስለተናደድኩ አላዳላም ብዬ መልሻለሁ።

በዕለቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ማዳበሪያ ድንች በአህያ ጭኜ ከባለቤቴ ጋር ከቤት ወጣን። ገበያው በር ላይ ስንደርስ ተለያየን፤ እሱ ማጭድ ሊያስስል ወደ ቀጥቃጩ ሄደ፣ እኔ ድንቼን ይዤ ሸክላ ሻጯ አምለሰት አጠገብ ተቀመጥሁ። ጠቡ ሲነሳ ማጭዱ በባለቤቴ እጅ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አልነበረም፤ ማጭዱ እስካሁንም ቀጥቃጩ ዘንድ ነው፤ እህላችን ማሳ ላይ ቆሞ እኛ እዚህ ተቀምጠናል ብዬ መልሻለሁ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ይታገሱ በአንገቱ ትልቅ ጥቁር ካሜራ አንጠልጥሎ መጣ። ካሜራው የአባቱ እንደነበር፣ አባቱ በድሮ ጊዜ ቡሬ ላይ በዚሁ ካሜራ ያነሳ እንደነበር፣ ካሜራው ፎቶውን እዚያው በዚያው ከሆዱ እንደሚያወጣ ነገረን። ወረቀቱ ከውጭ አገር በሰው በሰው እንደሚመጣለት፣ አሁን የቀረችውም ጥቂት እንደሆነች ተናገረ። ገንዘብ አይቀበልም። ለገበያተኛው አንድ ያነሳና ይሰጣል፣ አንድ ደግሞ ለራሱ አንስቶ ቡሬ ላይ ለሰው ለማሳየት ያስቀምጣል።

እኔም አንሳኝ አልኩት። ለምን መነሳት እንደፈለግሁ መርማሪው ስለጠየቀኝ እናገራለሁ። እናቴ ስትሞት ፎቶ አልነበራትም። ድምጿ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ፊቷ ግን ከዓመት ዓመት እየራቀኝ ነው። ልጃችን አምና በስልኩ አንስቶኝ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስልኩን ሲሰርቁት ፊቴም አብሮ ተሰረቀ። ባለቤቴ ደግሞ አብረን እንነሳ ባልኩት ቁጥር እምቢ ይላል። በሕይወቱ አንዴ ለመታወቂያ ተነስቶ ሌባ መስሎ ስለወጣ፣ ሁለተኛ ካሜራ ፊት አልቆምም ብሎ ምሏል። ስለዚህ ብቻዬን ልነሳ ወሰንኩ።

ይታገሱ ፀሐይ ወደ ፊቴ እንዲሆን አድርጎ አቆመኝና አነሳኝ። ካሜራው ጉርርር ብሎ ነጭ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ምንም ነገር የለም። ይታገሱም ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፦ «እናቴ፣ ወረቀቱ ብርድ አይወድም። ቡሬ ሲሆን በራሱ ይወጣል፤ እዚህ ደጋ ላይ ግን መሞቅ አለበት። ብብትዎ ሥር ያድርጉት።» ለምን በራሱ ብብት እንደማያሞቀው ጠየቅሁት። በሁለቱም ብብቱ የሌላ ሰው ፎቶ እንደያዘ ነገረኝ። ይህ እውነት መሆኑን በኋላ ሁላችንም አይተናል። ከእኔ በፊት የተነሱት ቄስ ብብቴ ውስጥ አላስገባም ብለው ፎቷቸው ሰማያዊ ሆኖ ወጥቷል፤ እሱን አምለሰትም አይታለች።

የቄሱን ነገር ስለሰማሁ ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ ዘወር ብዬ በነጠላዬ ተከልዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ይታገሱ ከኋላዬ «ጥብቅ ያድርጉት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለማንም እንዳያሳዩ» አለ። ባለቤቴ ከቀጥቃጩ ሲመለስ የደረሰው በዚህች ቅጽበት ነው። ያየው አንድ ጎረምሳ ለሚስቱ አንድ ነገር ሲሰጥና እሷም ዞራ ስትሸጉጥ ነው። የሰማው ደግሞ «ለማንም እንዳያሳዩ» የሚለውን ብቻ ነው።

ባለቤቴ መጥቶ ፊቴ ቆመና «ምንድን ነው የሰጠሽ?» አለኝ።

እኔም «ፊቴን ነው» አልኩት።

«ፊትሽን ከየት አግኝቶ ነው የሚሰጥሽ?»

«ከፊቴ ላይ።»

«አውጪውና ልየው።»

«ገና አልበሰለም» አልኩት። ይህን ቃል መናገሬ ነገሩን እንዳባባሰው አሁን ይገባኛል። በዚያን ጊዜ ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ባለቤቴ እጅሽን አንሺ አለኝ። አምለሰት ከእንስራዎቿ መሐል ተቀምጣ «እንዳታነሺ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብሻል!» ብላ ጮኸች። ገበያተኛው ሳቀ። ባለቤቴ ሲሳቅበት አይወድም። «መስተፋቅር ነው! የቡሬ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ለሚስቴ መስተፋቅር አስያዘ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ባለቤቴን በሰው ፊት አንቱ ነው የምለው፤ ዛሬ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ለሃምሳ ዓመት ሴት መስተፋቅር የሚያባክን ማነው?» ብዬዋለሁ። አንተ ማለቴ እንዲጻፍ የፈለግሁት ገበያው ሁሉ ስለሰማና መካድ ስለማልችል ነው።

ይታገሱ ሊያስረዳ ፈልጎ «አባቴ፣ ይመልከቱ፣ እኔም ይዣለሁ» አለና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከሁለቱም ብብቱ ሁለት ፎቶ ወደቀ። ባለቤቴ አንዱን አንስቶ አየው። የጌሾ ሻጯ ፎቶ ነበር። «ይኸው! የሌላውንም ሚስት ይዟል!» አለ። ሁለተኛውን ሲያነሳ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ትንሽ ግራ ሲገባው አይቻለሁ። ሰው ከቦ እየሳቀ ስለነበር ግን ወደ ኋላ መመለስ አልቻለም።

ቀጥሎ ባለቤቴ ካሜራውን ጨብጦ ሳበው። ካሜራው በይታገሱ አንገት ላይ በጠፍር የታሰረ ስለሆነ ይታገሱም አብሮ ተሳበ፤ ግንባር ለግንባር ገጠሙ። ባለቤቴ ሲጎትት አንድ ነገር ተጫነ መሰለኝ፣ ካሜራው ቦግ ብሎ አበራና ጉርርር እያለ ወረቀት አወጣ። ባለቤቴ «ምላሷን አወጣችብኝ!» ብሎ ለቀቃት። ሲለቃት ክርኑ ወደ ላይ ተስፈነጠረ፣ የይታገሱም አፍንጫ እዚያው ነበር። ጠፍሩ ተበጥሶ ካሜራው ድንቼ መሐል ወደቀ። ባለቤቴ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የአምለሰት ሁለት እንስራ ላይ ተቀመጠ። እንስራዎቹ አልቻሉትም። የወጣውን ወረቀት ሰው ረግጦት አቧራ እንጂ ምስል አልተገኘበትም።

ተጠርጣሪው የግል ተበዳይን መትቶታል ወይስ አልመታውም ተብዬ ተጠይቄ፣ ክርኑ መትቶታል፣ ባለቤቴ ግን አልመታውም ብዬ መልሻለሁ። ክርኑ የማን ነው ተብዬ ስጠየቅ፣ የባለቤቴ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቴ በዚያን ሰዓት ፈርቶ ስለነበር ክርኑ ያደረገውን አያውቅም ብያለሁ። ባለቤቴ አልፈራሁም ብሎ ቃል ሰጥቶ ከሆነ፣ ያ እውነት አይደለም። ከእንስራው ስብርባሪ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ተነስቶም እጄን አለቅም ብሎኝ ነበር።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሁላችንም ወደዚህ ጣቢያ መጣን። መርማሪው ብብቴ ሥር ያለውን ነገር እንዳሳይ ሲጠይቀኝ አወጣሁት። ሩብ ሰዓት የተባለው ከአንድ ሰዓት በላይ ስለቆየ ፎቶው እንደ ቅቤ ቢጫ ብሏል፤ ፊቴ ግን ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። መርማሪው አየውና ለባለቤቴ አቀበለው። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «እናትሽን መስለሻል» አለኝ። ባለቤቴ እናቴን በደንብ ያውቃታል፤ በሕይወት ሳለች አይስማሙም ነበር። እኔ በዚህ ጊዜ ማልቀሴን መርማሪው ይጻፍ አይጻፍ ጠይቆኝ፣ አቧራ ነው ብዬዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የካሜራው ጉዳይ ተነሳ። ጥጉ ተሰንጥቋል። መርማሪው ካሜራው ይሠራ እንደሆነ ሳይታወቅ የጉዳቱን ልክ መጻፍ እንደማይቻል፣ ስለዚህ መሞከር እንዳለበት ገለጸ። ይታገሱ የቀረችው አንድ ወረቀት ብቻ እንደሆነች ተናገረ። መርማሪው ግድግዳውን አንሳው አለው። ይታገሱ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ እንደወተፈ «ሳጅን፣ የመጨረሻዋን ወረቀት ለግድግዳ? ነውር ነው» አለ። መርማሪውም እንግዲያው ተጠርጣሪው ይቁም አለ።

ባለቤቴ «መታወቂያ ላይ ሌባ መሰልኩ፤ ፖሊስ ጣቢያ ተነስቼማ ምን ልመስል ነው?» ብሎ እምቢ አለ። እኔ ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም። ባለቤቴ እኔን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ከዚያ ጋቢውን አስተካከለ። ይታገሱ ካሜራውን አንስቶ «አባቴ፣ ወደ እናቴ ጠጋ ይበሉ» አለው። ባለቤቴም «ሠላሳ አራት ዓመት ስጠጋ ኖሬ፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ልጠጋ?» አለ። በዚህ እኔ ሳቅሁ፤ እሱም እኔን አይቶ ሳቀ፤ ካሜራው ቦግ አለ። ካሜራው እንደሚሠራ በዚህ ተረጋግጧል።

የወጣውን ወረቀት መርማሪው ራሱ ከደንብ ልብሱ ሥር ብብቱ ውስጥ አስገባ። ሩብ ሰዓት ያህል እጁን በጎኑ ጨብጦ፣ በአንድ እጁ ብቻ እየጻፈ ተቀመጠ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ ወደ ይታገሱ ሄደና «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ያየሁት ሌላ፣ የሆነው ሌላ» ብሎ ጉልበቱን ሊይዝ ጎንበስ አለ። ይታገሱ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ጠፍሩን ከጠፈሩለት ሌላ ነገር እንደማይፈልግ፣ ክሱንም እንደተወ ተናገረ። አምለሰትም በሁለቱ እንስራ ምትክ ገብስ ሊሰጣት ከባለቤቴ ጋር ተስማምታለች።

ፎቶው ሲወጣ ሁለታችንም እየሳቅን ነው። የባለቤቴ የጎደለች ጥርሱ ሳትቀር ትታያለች። ሌባ አይመስልም። ባለቤቴ ይታገሱን ሌላ እንደዚህ ያለ ማውጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ይታገሱም የዚህ ካሜራ ፎቶ ግልባጭ እንደሌለው፣ በዓለም ላይ ይህች አንዷ ብቻ እንደሆነች አስረዳው።

መርማሪው መዝገቡ በዕርቅ ስለሚዘጋ በኤግዚቢትነት የተያዘው ፎቶ ለባለንብረቱ ለይታገሱ እንደሚመለስ ገለጸ፤ ይታገሱም ለእነሱ ይሰጥልኝ አለ። ለማን ይሰጥ ሲባል ባለቤቴ «ለእኔ» አለ። እኔም «ለእኔ» አልኩ። ባለቤቴ «አንቺ የራስሽ አለሽ» አለኝ። እኔም «እሱ ላይ አንተ የለህበትም» አልኩት። ባለቤቴ ፎቶውን ወደ ጋቢው ሳብ አደረገ። እኔም በሌላው ጫፍ ይዤ አልለቀቅሁም። መርማሪው ከሁለት ከመቀደዱ በፊት አንድ ነገር እንወስን አለና የርክክብ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አሰመረ።

ከላይ የሰፈረው ቃል አንድ በአንድ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልሆነ አልተጨመረበትም፤ ከሆነውም ያስቀረሁት የለም። ይህንኑ በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ደጊቱ ያለው

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ቴዎፍሎስ አንዳርጌ

ኤግዚቢት፦ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ሰዎች የሚታዩበት
የተረካቢ አሻራ፦ አብተው ባምላኩ እና ደጊቱ ያለው፣ በጋራ