ዝም ያሰኘሁት ሰው

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የማተሚያ ቤታችን ሠራተኞች፣

ማሽን አቁማችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለስጦታውም እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ልጠይቅ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ላይ ሳስተኛችሁ ኖሬ፣ ልሰናበት ስል ነው እውነተኛ የዮጋ ምንጣፍ የምትሰጡኝ? ቀደም ብትሉ ስንት ወገብ በዳነ!

እንደምታውቁት እኔ የጥራዝ ክፍል ሠራተኛ እንጂ አስተማሪ አልነበርኩም። አጎንብሼ መጽሐፍ ስሰፋ ኖሬ ወገቤ አልቃና ሲለኝ፣ ልጄ ዮጋ የሚያስተምሩ ሴትዮ ዘንድ ወሰደችኝ። ወገቤ ተቃና። ይበልጥ የገረመኝ ግን ጭንቅላቴ ነው፤ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሳዳምጥ ያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ጋብ ይልልኝ ጀመር። ይህን ለብቻዬ መያዝ ንፉግነት መሰለኝና በምሳ ሰዓት ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰብኳችሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳላችሁ? የመጋዘን ኃላፊው «ይሄ ነገር ጸሎት ነው ስፖርት?» አለኝ። «ወገብህን ጠይቀው» አልኩት። ሾፌራችን ደግሞ ገና ዓይን ጨፍኑ ከማለቴ ማንኮራፋት ጀመረ። ስንቀሰቅሰው «በጥልቀት እያሰብኩ ነበር» አላለም?

ሳቁ፣ ግድ የለም። ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

ያ የዮጋ ክፍል አንድ ሕግ ነበረው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። መጋዘኑ ውስጥ ከተገባ ወሬ የለም። የሚያም ነገር ካለ አይወራም፤ ዓይን ተጨፍኖ ይተነፈስበታል። አንዳችሁ አፋችሁን ስትከፍቱ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርግ ነበር፤ ዝምታ ወርቅ ነው እያልኩ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር። በአንድ ጣት ሃያ ሰው ዝም ሳሰኝ አዋቂ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

መቁረጫ ማሽኑ ላይ ይሠራ የነበረውን ወንድማችንን ሁላችን «ልክ ነው» እያልን ነው የምንጠራው፤ ወረቀት በቆረጠ ቁጥር በማስመሪያ ለክቶ «ልክ ነው» ስለሚል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ካርቶኑ ላይ እንደተጋደመ «እትዬ፣ ይሄ ግራ እጄ...» አለኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። በሳምንቱ «እትዬ፣ እጄ ይደነዝዘኛል፤ ዕቃ ስይዝበት አይታወቀኝም» አለ። «አትናገረው፣ ዝም ብለህ ተመልከተው። ትንፋሽህን ወደ እጅህ ላከው» አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ አልነገረኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። እኔም ገባው ብዬ ተደሰትኩ።

በዚያው ወር ግራ እጁ ከወረቀቱ ጋር የማሽኑ ስለት ሥር ሲገባ አልታወቀውም። ሁለት ጣቱን አጣ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አደጋው የደረሰው በሠራተኛው ቸልተኝነት ነው» ተብሎ ተጻፈ። ከተጠየቁት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። «የምታውቂው ነገር አለ?» ሲሉኝ «የለም» አልኩ። ለምን? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ! የዮጋ ክፍሌ ይዘጋብኛል ብዬ ነዋ! ሆድ ይፍጀው አልኩ። እሱም ስሜን አላነሳም። ከማሽኑ ተነስቶ ወደ በር ጥበቃ ተዛወረ፤ እኔ በምሳ ሰዓት ስለ ውስጥ ሰላም ማስተማሬን ቀጠልኩ። ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» ይለኛል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ እጅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እናንተን እያረጋጋሁ እኔ አንድም ቀን አልተረጋጋሁም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሱ መች ደበቀ? የደበቅኩበት እኔ ነኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ። ቸልተኛዋ እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው ይስተካከል። የስንቱን ሰው ስህተት እያረምን የምናትም ሰዎች ይህችን አንድ መስመር ማረም አያቅተንም።

እናንተም ዮጋውን አትተዉት። ትንፋሽ ደግ ነገር ነው፤ ሐኪም ግን አይደለም። ያመማችሁ ቀን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ተንፍሱ። ምንጣፉም መጋዘኑ ውስጥ ይቅርላችሁ፤ እኔ ካርቶኔን ለምጄዋለሁ።

ወገባችሁን ያጽናላችሁ። እጃችሁን ከክፉ ይጠብቅላችሁ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። የሚሰማችሁ ሰው አያሳጣችሁ።

ትምህርታችንን ስንጨርስ ዓይን ጨፍነን ዝም ማለት ልማዳችን ነበር። ዛሬ ግን ማንም እንዳይጨፍን። ወንድሜ፣ እዚያ በሩ አጠገብ ቆመሃል፣ አይቼሃለሁ። ና ወደፊት። ያን ቀን ያላስጨረስኩህን ንግግር ሰው ሁሉ እየሰማ ጨርሰው፤ ስድብም ቢሆን። እኔ ዝም እላለሁ።